መልሱን ማን ጠየቀ

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዛሬ ረቡዕ ሆኗል፤ ጋሼ ግን አሁንም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ናቸው።

ጋሼ አጎቴ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የምኖረውም እሳቸው ቤት ነው። ለንግድ አስተዳደር ማስተርስ መግቢያ እንደምፈተን ሲሰሙ «እኔ እያለሁ አስጠኚ ፍለጋ ምን አዞረህ?» ብለው መነጽራቸውን ወለወሉ። እምቢ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ዙር የወደቅኩት ሰዓት አልቆብኝ ነው። ሰባት ጥያቄ ሳልነካ ወረቀቱ ተሰበሰበ። የምሠራበት የመድኃኒት ማከፋፈያ ኃላፊ የትምህርት ፈቃድ የሚሰጡኝ ዘንድሮ ካለፍኩ ብቻ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የሌላ ሰው ነው።

እኔን የጣለኝ የፈተናው ክፍል መልስ አይጠይቅም። አንድ ጥያቄ ያቀርብና ሁለት መረጃ ይሰጣል፤ የተፈታኙ ሥራ መረጃው ለመመለስ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ ማለፍ ነው። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ።

«ሁለት ቧንቧዎች አብረው ታንከሩን በስድስት ሰዓት ውስጥ ይሞሉታል» ብለው አነበቡ ጋሼ። «አንደኛው ከሁለተኛው በእጥፍ ይፈጥናል። አንደኛው ብቻውን ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?»

«ይበቃል። እንለፍ ጋሼ።»

«ምኑ ነው የሚበቃው? ስንት ሰዓት?»

«ስንት ሰዓት አልተባልንም እኮ!»

«ሳታሰላው በምን አወቅክ?» እርሳሳቸውን ይዘው ወረቀቱ ላይ ተደፉ። «ኤክስ እንበለው…»

ባለቤታቸው ልብስ እያጣጠፉ ሳቁ። «ተወው ልጄ፣ እኔን ለማግባት እንኳ አራት ዓመት ያሰላ ሰው ነው።»

«ትክክል ወጣ አይደል?» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። ከዚያ «ዘጠኝ ሰዓት!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። «ቆይ፣ በሌላ መንገድ ደግሞ እናረጋግጠው።»

ደሜ ፈላ። ይበልጥ ያናደደኝ ግን የራሴ ወረቀት ነው። ዝቅ ብዬ ሳየው ጠርዙ ላይ ዘጠኝ ተጽፏል። አፌ «ይበቃል» ብሎ ካለፈ በኋላ እጄ ሲያሰላ ቆይቷል። ሰባቱን ጥያቄ የበላብኝ ይኸው ነው። በልጅነቴ እኚሁ ሰውዬ ፊት ሒሳብ ጀምሬ ሳልጨርስ ከወንበር መነሳት አይታሰብም ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብቻዬን ልሞክረው። ሃምሳ ደቂቃ እንዳያንኳኩብኝ።»

«የቀሩትን መልሳቸውን ሳናውቅ ልንተዋቸው?»

«አዎ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ባለቤታቸው ማጣጠፉን አቆሙ።

ባዶ ወረቀቶቹን ሁሉ ሳሎን ትቼ፣ የመለማመጃ መጽሐፉን ብቻ ይዤ ክፍሌ ገባሁ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ካላሰላሁ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ፤ ጣቴን ጨብጬ አለፍኩት። አሥራ ሁለተኛውንም እንዲሁ። የመጨረሻው፣ ሃያ አምስተኛው ላይ ስደርስ አራት ደቂቃ ቀረኝ። ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር አመሳክሬ በሩን ስከፍት ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ስንት?»

«ሃያ ሁለት። ያልነካሁት የለም።»

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። «የሳትካቸውን ሦስቱን አምጣቸው።»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ» አልኩና መጽሐፉን ከጀርባዬ ደበቅኩት።