ከጋቢና እንደወረደ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ የጭነት መኪናውን ኬላው ላይ ሲያቆም ቴርሞሜትሩ እጄ ላይ ነበር። ቲማቲም ነው የጫነው፤ ሳጥኖቹ እስከ ሸራው ተደርድረዋል። አዲሱ ወረርሽኝ ከተሰማ ወዲህ ከድንበሩ ማዶ የቲማቲም ዋጋ ጣሪያ ነክቷል።

«እንዴት ነሽ የወንድሜ ሚስት! ዛሬ ደግሞ በረኛዋ አንቺ ሆንሽ?» አለ ከጋቢናው ዘሎ እየወረደ። ፊቱ ቀልቷል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይንቆረቆራል።

ኬላችን አንድ ልማድ አለው። ከጋቢና የወረደ ሹፌር ሙቀቱ ከመለካቱ በፊት ቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይበርዳል። በመስታወት የገባ ፀሐይና የሞተር ወላፈን ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስለዋል። ደንቡ ላይ የለም፤ ኬላው ላይ የሠራ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ዋርሳዬም ያውቀዋል። ባለፈው ወረርሽኝ፣ ገና ንግድ ሳይገባ፣ የኬላው አለቃ እሱ ነበር። የነጋዴ ወዳጆቹን ሹፌሮች ወንበር አስወጥቶ፣ ውሃ አስቀድቶ ጥላ ሥር ያስቀምጥ ነበር። በአባታቸው ቤት ውርስ የተነሳ የተኳረፈው የገዛ ወንድሙ፣ ባሌ፣ የመጣ ቀን ግን ከጋቢና እንደወረደ አስለካው። «ትኩሳት አለው፤ ለይቶ ማቆያ አስገቡት» አለ። ባሌ ሲገባ ጤነኛ ነበር። በሽታው የያዘው እዚያው፣ ከሚያስሉት መሃል ተኝቶ ነው። በሕይወት አልወጣም።

ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ሲሉ እሰማ ነበር። ትሁን፤ የመንደሯ በረኛ ግን ዋርሳዬ ነበር።

ቴርሞሜትሩን ግንባሩ ላይ ደገንኩ።

«ቆይ እንጂ! ትንሽ ልብረድ!»

«ሠላሳ ስምንት ተኩል» አልኩት አጠገቤ የቆመውን ጥበቃ።

«አበድሽ እንዴ? ፀሐዩ እኮ ነው!»

«ወንድምህንም ያተኮሰው ፀሐዩ ነበር።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ያኔ... በጥድፊያ ነው። ማን ልብ አለው?»

«ለወዳጆችህ ልብ ትለው ነበር።»

«እሺ፣ ከእኔ ተጣዪ። ቲማቲሙ ምን በደለሽ?»

«ምንም። ሌላ ሹፌር ጥራና ይሻገርልህ። ዕቃ ያልፋል፣ ሰው ይቀራል። ያስተማርከን አንተ ነህ።»

ጥበቃው አንዴ ጥላውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ዋርሳዬን ክንዱን ይዞ ወደ ለይቶ ማቆያው ወሰደው።

ብዙም ሳይቆይ አማቴ፣ የሁለቱም እናት፣ ደወሉ። እሳቸው ባይኖሩ ልጆቼን ብቻዬን አላሳድግም ነበር።

«ልጄ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። አንዱን እዚያ ውስጥ በሽታው በላብኝ። ይሄንን አውጪውና በርዶ ይለካ። በእናትሽ!»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አለ፣ እማማ።»

«ወይኔ ልጄን!»

«ምግብ ሲያመጡለት በኋላ በር በኩል አይምጡ፤ አያስገቡዎትም። በመጸዳጃው በኩል አጥሩ ሳሳ ይላል፤ ጮክ ብለው ከጠሩት ይሰማዎታል። እኔም ያኔ እዚያ ነበር የምቆመው» አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ።