የሴኞር ቤልሚሮ ነጭ ጨርቅ

ካባ በማይታጠብበት ከተማ ልብስ አጣቢ መሆን ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። ኮይምብራ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ኮረብታ ሥር፣ የዝይ ደረጃ የሚባለው አቀበት አናት ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ አጥቤያለሁ። የቄሱን ቀሚስ፣ የምግብ ቤቱን የጠረጴዛ ልብስ፣ የፕሮፌሰሮቹን ሸሚዝ ሁሉ እጄ ያውቀዋል። የተማሪዎቹን ጥቁር ካባ ግን አንድም ቀን አላጠብኩም። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ምርቃት የፈሰሰበት ወይን፣ የመታው ዝናብ፣ የእናት እንባ እዚያው ይኖራል፤ ያጠበው ትዝታውንም አብሮ አጠበ ይባላል። እኔ ደግሞ ተማሪዎቹ በደጄ ሲያልፉ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

ባለፈው መስከረም ከነዚሁ ባለካባዎች አንዷ ሱቄ ገባች። ጃሲንታ ትባላለች፤ የሕግ ተማሪ ናት፣ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ረጅም። አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ቤቷ ውስጥ ወድቃ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳያውቅላት መቆየቷ አንገብግቧት፣ ጓደኞቿን ሰብስባ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አቋቁማለች። ደንቡ ቀላል ነው። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ሁሉ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት መስኮቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቁ ካልታየ ተማሪዎቹ መጥተው ያንኳኳሉ።

«አልጋችሁን ሳታነጥፉ ሰፈር ልትጠብቁ?» አልኳት።

«አንጥፌ ነው የመጣሁት፣ ዶና ዙልሚራ።»

«ካባሽንስ መቼ ነው የምታጥቢው?»

«ሲዳሩኝ!» ብላ እየሳቀች ወጣች። ምላሷን ወደድኩላት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ጎረቤቴ ሴኞር ቤልሚሮ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የዩኒቨርሲቲውን የማማ ደወል ሲደውሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እንቅልፍ ብቻ ነበር ያማራቸው። መስኮቶቻችን በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው፤ በመሃላቸው በመዘውር የሚዞር አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለን። እሳቸው ጨርቅ ሲሰቅሉ በአንድ መቆንጠጫ መሃሉን ይይዙና ይተዉታል፤ እንደታነቀ ዶሮ ተንጠልጥሎ ይውላል። እሱም የሚሰቀለው ከተነሱ ነው። በሳምንት አራት ቀን ይረፍድባቸዋል፣ ተማሪዎቹ ያንኳኳሉ፣ እሳቸው ከውስጥ ይጮሃሉ።

«ሞቼ ከሆነ ነገ ቅበሩኝ! ዛሬ ልተኛበት!»

አዘንኩላቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው? ከኅዳር ጀምሮ ጨርቁን እኔ እሰቅልላቸው ነበር። በሁለት መቆንጠጫ፣ ጠርዙን ወጥሬ፣ ገመዱን ስስበው ጨርቁ ተንሸራቶ እሳቸው መስኮት ላይ ይቆማል። ተማሪዎቹ ከታች ቀና ብለው አይተው ያልፋሉ፣ ሽማግሌው ይተኛሉ፣ እኔም ውስጤ ደስ ይለዋል። ለሴኞር ቤልሚሮ ስነግራቸው «አንቺ ዙልሚራ፣ መንግሥተ ሰማያት ማንንም ሳትቀሰቅሺ በካልሲ ትገቢያለሽ» አሉኝ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ዝናብ ሲዘንብ አደረ። ጨርቁን እንደወትሮዬ ሰቀልኩ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ዝናቡ እንዳይገባብኝ መስኮቴን ዘግቼ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጃሲንታ እየሮጠች ገባች።

«የሴኞር ቤልሚሮን ጨርቅ ማነው የሰቀለው?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

«ዶና ዙልሚራ፣ እሳቸው ሁለት መቆንጠጫ ይዘው አያውቁም። ይሄ የባለሙያ እጅ ነው። ከኅዳር ጀምሮ አውቄያለሁ።»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጨርቁን ትቼ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እራሳቸውን አያለሁ። ቡና አብረን እንጠጣለን። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፈተና ስላለኝ ቀድሜ መጣሁ። ባንኳኳ ባንኳኳ አይከፍቱም፣ አይሳደቡምም።»

አለመሳደባቸው ነው ያስደነገጠኝ። ትርፍ ቁልፋቸው እኔ ጋ ነበር፤ መንገዱን ተሻግሬ ከፈትኩ።

ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀዋል። አንድ እግራቸው በማይሆን አቅጣጫ ታጥፏል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ሰውነታቸው እንደ ድንጋዩ ወለል ቀዝቅዟል። ጎንበስ ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጨርቁን አየሁት» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እዚህ ተኝቼ። መጥቶ መስኮቴ ላይ ቆመ። ጠራሁሽ። ከዚያ መስኮትሽን ዘጋሽው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው እየሞቱ እኔ በነጭ ጨርቅ ደህና ናቸው ብዬ ለሰፈር አወጅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እኔ ግን ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።

ጃሲንታ ስልክ ደወለች፤ አምቡላንስ ግን የዝይ ደረጃን አይወጣም። የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞቹ መኪናውን ከታች አቁመው ቃሬዛ ይዘው በእግራቸው መጡ። አለቃቸው ዳቦ ጋጋሪው ቪርጂሊዮ ነው፤ ክንዱ ላይ ያለው ዱቄት በዝናቡ ሊጥ ሆኗል። ሴኞር ቤልሚሮን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጧቸው። ከዚያ ደረጃው ጀመረ። መቶ አሥራ ስምንት ነው፤ ስንት መቶ ዓመት የተማሪ ጫማ ያለሰለሰው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ከሳሙና ይብሳል። የመጀመሪያው ላይ ቪርጂሊዮ ተንሸራተተና ቃሬዛው አዘነበለ። ሴኞር ቤልሚሮ ጮኹ።

«እንዲህ ከወረድን እንጥላቸዋለን» አለ ቪርጂሊዮ። ጣቱን አንገታቸው ላይ አድርጎ ቆየ። «ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ ደግሞ ልባቸው አይጠብቀንም።»

ጃሲንታ የካባዋን ማያያዣ ፈታች፣ ካባዋን አራገፈችና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አነጠፈችው። ከዚያ ሁለት ጣቷን አፏ ከታ አፏጨች።

የፈተና ቀን ስለነበር ተማሪው ሁሉ ካባውን ለብሷል። ከየበሩ፣ ከየመስኮቱ፣ ከላይኛው መንገድ መጡ። ማንም ምንም አላዘዘ። ሁለተኛው ካባ ተነጠፈ፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው፤ ደረጃው ከላይ ወደ ታች እየጠቆረ ሄደ። ቪርጂሊዮ እግሩን በፍርሃት አሳረፈ። ያ ሻካራ፣ ያልታጠበ ሱፍ ድንጋዩን ነክሶ ያዘው። አንድ ወረዱ። ሁለት ወረዱ። አርባ ካባ ለመቶ አሥራ ስምንት ደረጃ አይበቃም፤ ስለዚህ ቃሬዛው ያለፈበትን ከኋላ እያነሱ፣ በግድግዳው ጥግ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ፊት ያነጥፉታል። የሚሰማው ዝናቡና የሰዎቹ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ለክቡር ሰው ካባ ማንጠፍ የከተማችን ወግ ነው። ለፕሬዚዳንት ሲነጠፍ አይቻለሁ፣ ለዘፋኝ ሲነጠፍ አይቻለሁ፤ በደረቅ ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ በጭብጨባ። ለደወል ደዋይ ጭቃ ላይ ሲነጠፍ ግን አይቼ አላውቅም። ቆሜ አለቀስኩ። እነዚያን ልጆች አፍንጫዬን ይዤ ሳሳልፋቸው መኖሬ አሳፈረኝ።

ሴኞር ቤልሚሮ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ለማነው ይሄ ሁሉ?»

«ለእርስዎ ነው» አለች ጃሲንታ፣ ከጎናቸው እየወረደች።

«እኔ እኮ ደወል ደዋይ ነኝ!»

«አባቴን ለፈተና በጠዋት የቀሰቀሱት እርስዎ ነዎት። እስከ ዛሬ ይረግምዎታል።»

አዛውንቱ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ግን ሳቅ ነበር፤ ቪርጂሊዮም ከዚያ በኋላ ፈጠን ብሎ ወረደ።

አምቡላንሱ ይዟቸው ሲሄድ ልጆቹ ጭቃ የሚያንጠባጥብ ካባቸውን ለብሰው ወደ ፈተናቸው ሮጡ። «አምጡት፣ በነጻ አጥብላችኋለሁ!» ብዬ ከላይ ጮህኩ። አርባው ባንድ አፍ «አይታጠብም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያን ጭቃ እኔም አላጥበውም ነበር።

ሴኞር ቤልሚሮ በግንቦት ከዘራ ይዘው ተመለሱ። ደጄ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ያዘጋጀሁትን የይቅርታ ቃል ሦስት ወር ሙሉ ሳጠናው ቆይቼ እዚያች ሰዓት ላይ ጠፋኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ስትሰቅዪልኝ እኔም ደስ ብሎኝ ስተኛ ነበር፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ከነገ ጀምሮ ግን ጨርቄን እንዳትነኪ።»

በማግስቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መስኮቴ ላይ ቆምኩ። ጃሲንታም ታች መንገዱ ላይ ቆማ ቀና ብላ ታያለች። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ ምንም የለም። ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትርፍ ቁልፋቸውን አነሳሁ። ያኔ የወዲያኛው መስኮት ሲጥ ብሎ ተከፈተ፣ የአዛውንቱ እጅ ብቅ አለ፣ ጨርቁም ወጣ። በአንድ መቆንጠጫ፣ መሃሉ ተይዞ፣ እንደታነቀ ዶሮ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ነጭ ጨርቅ ሳሰጣ ኖሬያለሁ፤ እንደሱ ያማረ አላየሁም። ላቃናው እጄን በላኝ። እጄን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ መስኮቱንም ሳልዘጋው ወደ ሥራዬ ገባሁ።