ማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ሐኪሙ «ልብዎ ጤነኛ ነው» ሲለኝ ተናደድኩ። ጤነኛ ልብ እንዲህ ይደልቃል? ደረቴ ላይ ሽቦውን ሁሉ ለጣጥፎ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ ችግሩ ከነርቭ ነው አለኝ። እንደ እሱ አባባል ነርቬ ጦርነቱ ማለቁን ገና አላመነም፤ አደጋው አልፏል ብሎ ያመነ ቀን ልቤም አብሮት ይረጋጋል። እረፍት አዘዘልኝ፣ እረፍት ከፋርማሲ የሚገዛ ይመስል።

አባቱ ከሞተ በኋላ ቤቴን ያቆመው ልጄ ሀፊዝ፣ በጦርነቱ ሰሞን ኮምቦልቻ ወዳለው ሥራው እንደወረደ አልተመለሰም። ሞተ ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። እናም ከሱብሒ ሶላት በኋላ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ጉሮሮዬ ሥር ይወተፋል፣ እጄ በረዶ ይሆናል። ወተት የምታመጣልኝ አትጠገብ ይህን ስለምታውቅ፣ ከቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ጀምራ ስሜን እየጠራች ትመጣለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል የመርዶ ሰዓት አልፏልና ልቤ ትንሽ ይመለስልኛል።

ባለፈው ሰኞ ኮቴው የብዙ ሰው ነበር። በሩን ስከፍት ሸህ መሕሙድ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው ቆመን ነው የምንናገረው አሉ። ሌላ ምን ልጠብቅ?

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። የሀፊዝን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ። ጎረቤት ተንጋግቶ ገባ። ሸህ መሕሙድ ሊናገሩ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሴቶቹ በለቅሶ ይውጧቸዋል። የዓመታት እንባ ነውና ማን ያቆመዋል።

እንባዬ ሲያልቅ ግን ልቤ ዝም አለ። ደረቴን በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይመታል። ጣቶቼ ሞቁ፣ ትከሻዬ ወረደ። ሀፊዝ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም። ያረቢ፣ ልጄን ላንተ ሰጥቼሃለሁ፣ ጀነት አግባልኝ አልኩ በሆዴ።

ይሄኔ ሸህ መሕሙድ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

«ረሂማ፣ አፉ በይን። የመጣነው ልጅሽን ሰልዋን ለኮምቦልቻው ልጅ ለተውፊቅ ልንጠይቅሽ ነው። ስለ ሀፊዝ የሰማነው ነገር የለም።»

ልጅ ለመጠየቅም ሽማግሌ ማለዳ ነው የሚመጣው፤ እሺ ሳይባልም አይቀመጥም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ፍርሃቴ ቀደመኝ። ሴት ልጄ ሰልዋ የጓዳው በር ላይ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን አልሞተ እያለ ያቅፈኛል። እናት ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እጄን ከደረቴ አላነሳሁም። ልቤ እንደገና መሮጥ ጀምሯል። የሸህ መሕሙድን ጋቢ ጫፍ ያዝኩና ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«ሸሆቼ፣» አልኳቸው፣ «ሞቷል በሉኝ።»