ዐሥራ ሁለቱ ኩታዎች

የገበያ ዋጋ ነጋሪት ሳያስጎስም፣ አቧራም ሳያስነሣ፣ በየጓዳውና በየማዕዱ ገብቶ የሰውን ዕጣ የሚቈርጥ ስውር ዳኛ መሆኑን፣ ልባምና አስተዋይ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ከእኔ ይልቅ የገዛ ሞሰብህ ሳይነግርህ አልቀረም። ከዚህ ዳኛ ፍርድ የሚከፋ ቢኖር፣ ጠበቃችን ነው ብለን ያመንነው ሰው ለእርሱ ሲያድር ማየት ነው። ይህን የምጽፈው አንጀቴ እያረረ ነው።

እንግዳሸት የተባለ ጠቢበ እድ፣ ትሑትና ጭምት ሸማኔ፣ የፋብሪካ ጨርቅ ከተማውን ካጥለቀለቀ ወዲህ ደንበኞቹ ሁሉ ርቀውት ነበር። ጨርቁን የሚያስመጣው ነጋዴ አቶ ገሠሠው የመጋዘኑ ዘበኛ ሊያደርገው ጠይቆት፣ እሺ ሊል ጥቂት ሲቀረው፣ መምህር ዘርዐ ብሩክ የተባለ የተውኔት ደራሲ ደጁን አንኳኳ። መምህሩም የሸማኔን ምንዳቤ በመድረክ እገልጣለሁ ብሎ፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ከመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ የሰውየውን ሽሮ እየበላ፣ ቃሉን ከከንፈሩ እየለቀመ ጻፈ። «አባቴ፣ ዐሥራ ሁለቱ ተዋንያን የሚለብሱት የእርስዎን ኩታ ነው፤ ሕዝቡ ሲያየው ደጅዎ መቆሚያ ያጣል» ብሎም ማለለት። እንግዳሸት አመነ፤ ምን ያድርግ፣ የተማረ ሰው ቃል ነዋ። ዘበኝነቱን እንቢ አለ፤ ሥራውም ለሌላ ተሰጠ። ሚስቱ ወይዘሮ ሙጭት ዐይኗ እስኪፈዝ ፈተለች፤ እርሱም ወገቡ እስኪጎብጥ ሸመነ።

በዳግማይ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ሁለቱን ኩታ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ቢደርስ፣ በረኛው «ተዋንያኑማ ለብሰዋል፤ ይግቡና ይመልከቱ» አለው። ገብቶ ተቀመጠ። መጋረጃው ሲገለጥ፣ ዳሩ አለቅጥ የቀና፣ ጥለቱ የታተመ የፋብሪካ ጨርቅ የለበሰ ተዋናይ፣ «እኔ መሸመን አልረሳሁም፤ እኔን የረሳኝ ገበያው ነው» ሲል በእንግዳሸት ቃል ተናገረ። አዳራሹ በልቅሶ ተናወጠ። በፊተኛው ወንበር የተቀመጠው አቶ ገሠሠው እንኳ፣ አይ ጉድ፣ በመሐረብ ዐይኑን አበሰ።

ተውኔቱ ሲያበቃ እንግዳሸት ጥቅሉን እንዳቀፈ መምህሩን በበር አገኘው።

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ» አለ መምህሩ መሬት መሬት እያየ፤ «አቶ ገሠሠው ልብሱን በነጻ ሰጠን። ሕዝቡም ከሩቅ ስለሆነ አይለየውም ብዬ ነው።»

«ሕዝቡስ ሩቅ ነው፣ ልጄ» አለ ሸማኔው። «አንተ ግን ጉድጓዴ አፍ ላይ ተቀምጠህ ነበር።»

ወይዘሮ ሙጭት ጥቅሉ እንደ ታሰረ መመለሱን አይታ እንዝርቷን ወደ ሙዳይዋ መለሰች። በማግስቱ እንግዳሸት ከአባቱ የወረሰውን የሽመና ዕቃ ፈታትቶ ከግድግዳው ጥግ አቆመው፤ ተውኔቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከተማውን ሲያስለቅስ ሰነበተ። ለድኻ የሚያለቅስ ብዙ ነው፤ ከድኻ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው።