ነጭ ላይ ያለ ቢጫ

"ፈርሚ፤ ሁለት መስመር ናት።"

የቢሮው ባለቤት አቶ ኢሊያስ ወረቀቱን የፋዲላ ኪቦርድ ላይ አሳረፉት። ቀለም ቀያሪው ፕሮግራም የቢሮው ንብረት ነው፣ የሠሪዋም ስም ከላዩ ይወጣል ይላል።

ንብረት ሆነ አሁን። ቢሮው አዳማ ላይ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ፣ ሶፍትዌር የሚሠራበት አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ ሰው ኮዱን ትቶ የገዛ ፊቱን ያያል። ስለዚህ ሁሉም ስክሪኑን ነጭ ያደርጋል። ኮድ መጻፊያው ነጩን ያውቅበታል፣ ቀለሞቹን ያጠቁራል። ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ግን ምን ግዱ፤ ቢጫውን ነጭ ላይ ይለቀዋል። ከጎኗ የሚቀመጠው ኑዕማን የመቂን የሽንኩርት ነጋዴዎች መዝገብ የሰረዘው በዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው በቢጫ ተጽፎ ነበር፤ በምን ዓይኑ ይየው? "አዎ" ብሎ አለፈ። መዝገቡ ከመጠባበቂያ ቅጂ ባይመለስ ኖሮ ተባርሮ ነበር።

ፋዲላ በገነች። ሦስት እሑድ ቤቷ ተቀምጣ፣ በራሷ ላፕቶፕ፣ የኮድ መጻፊያውን ቀለሞች አንብቦ ለተርሚናሉ የሚያስማማ ፕሮግራም ሠራች። አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል። ያኔ አቶ ኢሊያስ "የቀለም ጨዋታሽን እቤትሽ" ነበር ያሉት። ትናንት አንድ ደንበኛ አይቶ ወደደዋ።

"እቤቴ ነው የሠራሁት" አለች ፋዲላ። "እቤትሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ደሞዝ የሚከፍልሽ ማነው?"

"የሚከፍሉኝ ለሥራዬ ነው፤ ለእሑዴ አይደለም።"

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረምሽ ነገ እንዳትመጪ" ብለው ወጡ።

ኑዕማን ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "ፋዲ፣ ፈርመሽ ተገላገይ። ስም አይበላ ነገር።"

"መዝገቡ ሲጠፋ የማን ስም ተጠራ? ያንተ። ጥፋት ሲሆን የእኛ፣ ሥራ ሲሆን የቢሮው?"

ኑዕማን ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ።

ፈርታለች፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። የእናቷ የቤት ኪራይ የሚወጣው ከዚሁ ደሞዝ ነው። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችና የራሷን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አወጣች። ፕሮግራሙን፣ ስሟ መጀመሪያው መስመር ላይ እንዳለ፣ ለፈለገ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚለቀውን ትእዛዝ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ማንም የእኔ ብቻ ነው ሊል አይችልም።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታለች። ነጩ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያው ወጣ፦ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም፤ ይቀጥል? ፕሮግራሟ ቢጫውን ወደ ቡናማ አጥቁሮታል፤ ኑዕማን ከወንበሩ ሳይነሣ አነበበው።

"አይተሽዋል አይደል?" አላት ቀስ ብሎ።

"አይቼዋለሁ" አለችና "አዎ"ን ተጫነች።