ከቀኝ የተደረደረ አፈር

የእንድሪስ ልጅ ሲቲ ከሞተች ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው፣ አራት ዓመቷ ነበር።

አሠሪዎቹ አንድ ማሽን ነበራቸው እኮ፣ እንድሪስ በደንብ ያስታውሳል፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ቆቦ ሲገቡ አንድ ያረጀ የቁፋሮ ማሽንና ሁለት ድንኳን፣ አሁን አራት ማሽን፣ የብየዳ ቤት፣ የቱቦ ክምር፣ በር ላይ ዘበኛ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት በሦስት ዓመት እንዲህ የሚያብጠው ምን ጠጥቶ ነው? ዘይኑዲን ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቀ ነግሮታል፣ አንተ ሞኝ፣ ማሽኖቹ ከኦጋዴን ነው የመጡት፣ እዚያ ነዳጅ ሲፈልጉ ነበር፣ የራያ ሰው ጥም አሳዝኖት ይህን ሁሉ ብረት የሚጎትት መንግሥት አይተህ ታውቃለህ? ቀስ በል ዘይኑ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላህ ተቀምጧል። ይቀመጥ፣ እሱስ ላምባ አይገዛም?

ዛሬ ጎብዬ ዳር ናቸው፣ አዲስ ጉድጓድ፣ ማሽኑ ከጧት ጀምሮ ያጓራል። እንድሪስ የተሰጠው ሥራ አፈር ነው። መሰርሰሪያው ሁለት ሜትር በወረደ ቁጥር የሚወጣውን አፈር በአካፋ ይቀበላል፣ ያጥባል፣ ረጅም ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ትንሽ ክምር አድርጎ በተራ ያስቀምጣል፣ ባለሙያው ማታ መጥቶ ክምሮቹን ያያል፣ ውሃ ያለበትን ጥልቀት ይወስናል፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ እዚያ ጥልቀት ላይ ይገባል። የሥራው ባለቤት ፈንታው ነው፣ ታሞ ቀረ። እንድሪስ ይህን ሲሠራ ሁለተኛ ጊዜው ነው፣ የመጀመሪያው ሮቢት ላይ ነበር።

ሮቢት። የገዛ መንደሩ፣ ጉድጓዱ ከደጁ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት። ሰማንያ ሜትር ወረዱ፣ ጠጠሩን በእጁ ነክቶታል፣ ክብ የወንዝ ጠጠር፣ ውሃ ያለበት መሬት የሚያወጣው፣ ከዚያ ቱቦ ገባ፣ ተሞከረ፣ ትንሽ ጭቃ ተፋና ቆመ፣ ደረቅ ነው ተባለ። አፉን በብረት ክዳን በየዱት። ደረቅ ጉድጓድ ለምን ይበየዳል? ምን እንዳይወጣ? ሲቲ ማሽኑን ግመሉ ነበር የምትለው፣ አንገቱ ስለሚረዝም፣ አባዬ፣ ግመሉ ውሃችንን ጠጥቶ ሄደ? አልጠጣም፣ ይመለሳል። መቼ? በቅርቡ። ከዚያ ያው ኩሬ፣ ከብት የሚንቦጫረቅበት ኩሬ፣ ተቅማጥ፣ ሦስት ቀን፣ ቆቦ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ክንዱ ላይ ቀለለች። ሚስቱ ጌጤ ከቀብር ማግስት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፣ ድርጅትህ አሁን ስንት ግመል አለው? አራት። ጥያቄዋንም ይጠረጥረዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚጠረጥረው ሞላን ነው። ዋና ቆፋሪው ሞላ፣ ኦጋዴን የሠራ፣ ሮቢት ላይ ክዳኑን ያስበየደ። ለቅሶ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ ቀና ብሎም አላየውም። ያላጠፋ ሰው ለምን ያቀረቅራል?

አሁን ቆርቆሮው ላይ አጎንብሷል ሞላ። እንድሪስ፣ የመጀመሪያው ክምር የትኛው ነው? ይሄ ጋሽ ሞላ። ይሄማ መጨረሻው ነው። ኧረ ከዚህ ነው የጀመርኩት፣ ከቀኝ። ከቀኝ? ቁርአን ቤት መሰለህ እንዴ፣ ሞላ ይስቃል፣ ባለሙያው ከግራ ነው የሚቆጥረው፣ በል ገልብጠው፣ እንኳን ቀድሜ አየሁት።

ከግራ።

እጁ አካፋው ላይ ቀረ፣ ማሽኑ ያጓራል፣ አይሰማውም፣ ከግራ፣ አምስት ዓመት ሸኹ ፊት ሰሌዳ ታቅፎ ከቀኝ አንብቦ ነው ወደ አማርኛው ትምህርት ቤት የሄደው፣ ስድስተኛ ክፍል ደርሶም እጁ አልተወም፣ በቀኝ ይበላል፣ በቀኝ እግሩ ይገባል፣ ሲቲንም መቃብር ውስጥ በቀኝ ጎኗ ነው ያስተኛት፣ በተራ ደርድር ሲሉት ከየት ብሎ አልጠየቀም፣ ምን ይጠየቃል? ጠጠሩ በሃያና በሠላሳ ሜትር መካከል ነበር። ከግራ ለሚቆጥር ሰው በሃምሳና በስድሳ መካከል። ቱቦው እዚያ ወረደ፣ ጭቃ ውስጥ። ነዳጅ የለም፣ የጠጣ ግመል የለም።

ጋሽ ሞላ፣ ሮቢትም ከቀኝ ነበር።

ሞላ ሳቁ ይጠፋል። ወደ ማሽኑ ያያል፣ ወደ መንገዱ ያያል። ለማን ነገርክ? ለማንም። እንግዲያው አትንገር፣ ደረቅ ተብሎ ሪፖርቱ አዲስ አበባ ገብቷል፣ አሁን ብታነሳው ስህተት አይሉትም፣ አሻጥር ነው የሚሉት፣ አንተም እስር ቤት ትገባለህ፣ እኔም እገባለሁ፣ እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ። ልጆች አሉኝ ብሎ ያቀረቅራል፣ እንደ ለቅሶው ቀን። ያን ጊዜም ያውቅ ነበር ወይስ ዝም ብሎ አዝኖ ነው? እንድሪስ ሊጠረጥረው ይሞክራል፣ ጥርጣሬው አልሄድ ይለዋል፣ ዞሮ እሱው ላይ ይቀመጣል።

ክምሮቹን ገለበጠ፣ አንድ በአንድ፣ ከግራ።

አሻጥረኛ። በዚህ ቃል ሰው ተወስዶ ቀርቷል። ግን ሠላሳ አባወራ ነገም ከዚያው ኩሬ ይቀዳል፣ የሌላ ሰው ሲቲ ትጠጣለች፣ ውሃው ከእግራቸው ሥር ሃያ ሜትር ላይ ተኝቷል፣ ይህን የሚያውቀው እሱና ሞላ ብቻ ናቸው፣ ሞላ ደግሞ ልጆች አሉት።

ወደ ቆቦ የሚመለሰው የድርጅቱ መኪና ሮቢት ላይ ቀስ ሲል ወረደ፣ ቱቦ ምልክት የሚደረግበትን ቀይ ቀለም ከነብሩሹ ይዞ፣ ማንም ምን ያዝክ አላለውም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክዳኑ ትኩስ ነው፣ አቧራውን በጋቢው ጠረገ። ጌጤ በየጧቱ ወደ ኩሬው ስትወርድ በዚህ ነው የምታልፈው፣ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ችላለች፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ እሷ ታነበዋለች፣ ታንብበው። ተንበረከከ። እጁ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄደ፣ መለሰው፣ ከግራ ጀመረ፣ ውሃው ከሃያ እስከ ሠላሳ ሜትር ነው፣ አፈሩን ገልብጬ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ።