ቦራ ያላወቀችው እንቦሳ

ዕዝራ ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጀምር እንዴት በቀለለኝ! አይደለም። ደግ ሰው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ዶክተር ዕዝራ ጂንካ የመጣው ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ሊያጠፋ ነው። እኔ ሰምሃል፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ከመቀሌ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ገንዲን ጠግቤዋለሁ። የቆላ ዝንብ ትነክሳለች፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አንድ ቀን ደግሞ አልነሳም ይላል። ወደ ማጎ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ባሉት የአሪ መንደሮች በረት ሙሉ ከብት የነበረው ሰው ገመዱን ብቻ ታቅፎ ሲቀር አይቻለሁ።

ዝንቧ ከብቱን የምታገኘው በጠረኑ ነው። ዕዝራ ያመጣው ቅባት ከከብቱ ቆዳ ላይ እየተነነ ዝንቧን ማሽተት ይነሳታል። ይህን መጀመሪያ ያስረዳው ከነዚሁ መንደሮች በአንዱ፣ ገበሬው እውነቱና ሚስቱ ናርዶስ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር።

«የዝንቡን አፍንጫ ልትደፍን ነው?» አለው እውነቱ።

«አልደፍንም። ሽታው ይገባል፤ የሚቀበለው በር ክፍት ነው። ከበሩ በስተውስጥ ግን፣ እዚያች ትንሽዬ ሕዋስ ውስጥ፣ ሽታ መጣ እየተባባሉ ወሬውን ወደ አእምሮ የሚያደርሱ መልእክተኞች አሉ። የእኔ መድኃኒት አንደኛውን መልእክተኛ ዝም ያሰኘዋል።»

እውነቱ ሳቀ። «እንግዳው ደጅ ቆሟል፤ ልጆቹ ለአባታቸው አልነገሩም።»

«በቃ እንደሱ ነው!» አለ ዕዝራ ደስ ብሎት። በዚያች ቀን ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

እነእውነቱ የቀረቻቸው ላም ቦራ ብቻ ናት፤ ሌሎቹን ገንዲ ጨርሷቸዋል። ቦራ ደግሞ ከብዳለች። ናርዶስ ጡት የማታጠባት አንዲት ጨቅላ ታሳድጋለች፤ እህቷ በወሊድ ሞታ የተወችላትን። ሕፃኗ የምትኖረው በጎረቤት ላም ወተት ነበር፤ ያቺም ላም ነጠፈች። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ የቦራን መውለድ ይጠብቃል። ቦራን ገንዲ እንዳይነካት እውነቱ ቅባቱን ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም አብዝቶ ቀባት።

ዝንቡም ጠፋ። የምር ጠፋ። ሰው ዕዝራን መንገድ ላይ እያስቆመ ይመርቀው ጀመር።

ቦራ የወለደች ጠዋት እውነቱ ደወለልኝ። «ዶክተሬ፣ ቶሎ ነይ። ላሟ ልጇን እንቢ አለች።»

ደረስኩ። እንቦሳው ገና እርጥብ ነው፤ እየተንገዳገደ ወደ እናቱ ይሄዳል። ቦራ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ድንጋይ ያሸተተች ያህል ዞር አለች። ደግሞ ሲመጣ ረገጠችው። ላም እንቦሳዋን የምታውቀው በጠረኑ ነው። የእኛ አገር ላም ደግሞ ልጇ ካልተጠጋት ወተቷን አትለቅም፤ ትይዘዋለች። ናርዶስ ጨቅላዋን አዝላ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

ዕዝራን ጠራሁት። በሞተር እየበረረ መጣ።

«ላም ራሷን እንደምትልስ ታውቃለህ አይደል?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሙከራው ላይ ምንም አልታየም ነበር።»

«በምን ላይ ነው የሞከራችሁት?»

«በበሬዎች።»

«በሬ አይወልድማ፣ ዕዝራ!» ጮኽኩበት። ማንም ይስማኝ፣ ግድ አልነበረኝም።

ቁጭ አለ። «ያ መልእክተኛ ዝንብም ላይ አለ፣ ላምም ላይ አለ። ቅባቱን ስትልሰው ወደ ውስጥ ገብቷል። ግን መልእክተኛውን ዝም አሰኘው እንጂ አልገደለውም። ሰውነቷ መድኃኒቱን ሲያስወጣ ማሽተቷ ይመለስላታል።»

«መቼ?»

«አላውቅም።»

ቦራን በሳሙና አጠብናት። እግሯን አስረን እንቦሳውን ከጡቷ ስር አስጠጋነው፤ ወተቷን ያዘች። እንቦሳው ጀርባ ላይ ጨው ነሰነስን፤ ጨዉን ልሳ ስትጨርስ በቀንዷ ወረወረችው። በእጄ አልቤ ያገኘሁት እንገር የመዳፍ ሙሉ አይሆንም። እሱንም ለእንቦሳው ስንግተው ዕዝራ አንገቱን ደግፎ ይዞለት ነበር። የቆርቆሮ ወተት ከጂንካ ይዤ ወረድኩ፤ የጨቅላዋ ሆድ አልቀበልም አለ። ልቅሶዋ እየቀጠነ ሄደ። ይህን ስሰማ ውዬ ቤቴ ስገባ እህል አልወርድ አለኝ።

እንቦሳው በረቱ ጥግ ላይ ሞቶ የተገኘ ጠዋት እውነቱ አላለቀሰም። ቢላውን ስሎ ቆዳውን ገፈፈ፤ በገለባ ሞልቶ ሰፋው። እንቦሳዋ ለሞተባት ላም የሚደረገው ይኸው ነው፤ የልጇን ጠረን ስታገኝ ልጇ ያለ መስሏት ወተቷን ትለቃለች። ማሽተት ለማትችል ላም ምን ይረባል ልለው ነበር፤ ዓይኑን አይቼ ተውኩት። ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውማ። የገለባውን እንቦሳ ቦራ ፊት አቆመው። ቦራ ሳሯን መብላቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ዕዝራና እኔ በረቱ ውስጥ ሳለን ቦራ ማመንዠኳን አቆመች። አፍንጫዋ ተከፈተ። አንገቷን ሰበቀችና ወደ ገለባው እንቦሳ ዞረች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እናት ላም ብቻ በምታወጣው ድምፅ፣ ጠራችው። ከግንባሩ ጀምራ እስከ ጭራው፣ ስፌቱን ሳይቀር፣ ላሰችው። ጡቷ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ተመለሰላት» አለ ዕዝራ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይመለሳል ብዬሽ ነበር።»

ልመታው እጄን አንስቼ እንደነበር አልክድም። ምን ብዬ ልምታው? ያለው እኮ ልክ ነው።

ናርዶስ ቅሏን ይዛ ተንበረከከች። አለበች፤ ወተቱ አረፋ እየደፈቀ ወረደ። ጨቅላዋ እዚያው እቅፏ ላይ ጠጣች፤ ጠግባም ተኛች። ቦራ ግን ገለባውን ተነስቶ እንዲጠባ በአፍንጫዋ ትገፋዋለች። ይወድቃል። እውነቱ ያቆመዋል። እንደገና ትገፋዋለች።